የቤንዚን ሽታ በብሎን አይደፈንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ ስለ ቤንዚን ሰልፍና ዋጋ አዘውትሮ ይጽፋል። ማደያ ላይ ተሰልፎ ከተቀዳ በኋላ ከሳልባትዮ (ከመኪናው የቤንዚን ታንከር) ተንኖ ስለሚጠፋው ቤንዚን ግን ሲነሳ አናይም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው ጅማ ውስጥ ያሉት አሮጌ ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። እነዚህ መኪኖች «ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ተብለው ጋራዥ ሲገቡ የሚደረግላቸው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የሳልባትዮው ክዳን ይቀየራል፤ ወይ ከሞተሩ ጎን ያለችው ጥቁር ጣሳ ተነቅላ ወደ እሷ የሚመጣው ጎማ (የላስቲክ ቱቦ) በብሎን ይደፈናል። የመጀመሪያው አንዳንዴ ይሳካል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ሁለተኛው ነው።

ጣሳዋ ካኒስተር ትባላለች። ውስጧ ትነት እንዲይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ የከሰል ፍርፋሪ ነው። መኪናው ቆሞ ሳልባትዮው ሲሞቅ የሚወጣውን ትነት ከሰሉ ይይዘዋል፤ ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ ደግሞ በቀጭን ጎማ ስቦ ያቃጥለዋል። ሦስት አፍ አላት፤ አንዱ ከሳልባትዮ ይመጣል፣ አንዱ ወደ ሞተር ይሄዳል፣ ሦስተኛው አየር ማስገቢያ ነው። የሳልባትዮው ጎማ በብሎን ሲደፈን ትነቱ መውጫ ያጣል። ከግቤ ድልድይ ተነስቶ በሰኮሩና በአሰንዳቦ በኩል ጅማ የሚገባ መኪና ከ1,100 ሜትር ገደማ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚህ ዳገት ብቻ የውጭው አየር ግፊት 50 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የታፈነው ሳልባትዮ በዚያው ልክ ይወጠራል። የቤንዚኑ መሞቅ ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። ክዳኑ ካላስተነፈሰ፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚደባልቅ ዕቃ) ባለው መኪና ላይ ይህ ግፊት ቤንዚኑን መግቢያውን በሚዘጋው መርፌ ቫልቭ አሳልፎ ይገፋዋል፤ ካርቡሬተሩ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሽታው ይብሳል፣ ባለመኪናውም ጤነኛ ካርቡሬተር ሲያስፈታ ይውላል።

ባለመኪናው ከማንም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ መቼ እንደሚሸት ነው። ሳልባትዮው እስከ አፉ ሲሞላ ብቻ ሸትቶ ግማሽ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ፣ ቀዳዳው ከላይ ነው፤ የመሙያው ጎማ ተሰንጥቋል፣ ወይም በኋላ ወንበር ሥር የፖምፓውና የጌጁ (የቤንዚን መጠን ጠቋሚው) ክዳን ላስቲክ ደርቋል። ሞተሩ ሞቆ ከቆመ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት የሚሸት ከሆነ ወደ ካርቡሬተሩና ወደ ካኒስተሯ እንሂድ። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ሸትቶ ሲሞቅ የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ የላላ ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ ቀለበት) ወይም የደረቀ የኢንጀክተር (የቤንዚን መርጫ) ላስቲክ ነው፤ ብርዱ ያኮማትረዋል፣ ሙቀቱ መልሶ ያጠብቀዋል። መኪናው እየሄደ የኋላ መስኮት ሲከፈት ብቻ የሚገባው ሽታ ግን ከመርሚታ የሚወጣ ጭስ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይታይ። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይደነዝዛል። ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ የዋለ ሰው አይሸተውምና ከውጭ የመጣ ሰው ይሽተት። ጅማ ነውና ቡና እየተቆላ ባለበት ግቢ ይህን ሥራ መሞከር ድካም ነው።

ቀጥሎ የሳልባትዮው ፍተሻ ነው። የመኪና እግር ጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር እንዳይቀርብ። 8 ባር የሚሰጥ ነገር ሳልባትዮን እንደ ፊኛ ያሳብጠዋል፤ ለፍተሻ የሚያስፈልገው ከ35 ሚሊባር አይበልጥም። ለዚህ የሚመጥነው መሣሪያ የሚሸጠው የሕክምና ዕቃ ቤት ነው፤ በእጅ የሚጨመቅ ባለመርፌ የደም ግፊት መለኪያ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ወጥቶ የጎማ ኳሱና ግፊት የሚያሳየው ሰዓቱ ሦስት አፍ ባለው ማገናኛ ከአንድ ሜትር የነዳጅ ጎማ ጋር ይያያዛሉ። ከዚያ ወዲያ ለሕመምተኛ አይመለስም፤ ቤንዚን ላስቲኩን ይበላዋል።

ፍተሻው የሚደረገው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ነው። ሳልባትዮው ግማሽ ያህል ቤንዚን ይኑረው። ከሳልባትዮ የሚመጣው ጎማ ከካኒስተሯ ላይ ይነቀልና መለኪያው እሱ ላይ ይሰካል። የሰዓቱ መርፌ 24 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (32 ሚሊባር ገደማ) እስኪደርስ ቀስ እያሉ መጭመቅ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ጭመቃ ይፈጃል። በሁለት ጭመቃ ዘሎ ከወጣ ደስ አይበላችሁ፤ መስመሩ ተደፍኗል ወይም መሐል ላይ ባለአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አለ ማለት ነው። ጭራሽ አልነሳ ካለ ቀዳዳው ትልቅ ስለሆነ ክዳኑንና የመሙያውን ጎማ ተመልከቱ። 24 ደርሶ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ20 በታች ከወረደ ሳልባትዮው ያፈሳል ብለን እንይዘዋለን። መርፌው ሳይነካ ሽቅብ ከሄደ ግን ቤንዚኑ እየሞቀ ነውና ልኩ ዋጋ የለውም፤ የሚተነው ቤንዚን የሚያመልጠውን እየተካ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል። በቀትር የተደረገ ፍተሻ የማይታመነው ለዚህ ነው።

ግፊቱ ሳይለቀቅ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ በቀለም ብሩሽ መቀባት። በመጀመሪያ የክዳኑ ዙሪያ፣ ቀጥሎ የመሙያው ቱቦ ከሳልባትዮ የሚገናኝበት ወፍራም ጎማና አጠገቡ ያለው ቀጭኑ ማስተንፈሻ፣ ከዚያ በወንበሩ ሥር ያለው ክዳን። የጅማ ክረምት ጭቃ በኋላ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ውስጥ ተጋግሮ የመሙያውን ቱቦ ከጀርባው ያዝገዋል፤ ጭቃው ሳይታጠብ ሳሙና መቀባት ልፋት ነው። ጎማውን ጎንበስ አድርጎ ማየትም ይጠቅማል፤ ቀጥ ብሎ ሲታይ ደህና የሚመስል ጎማ ሲታጠፍ እንደ ደረቀ ማሳ ይሰነጣጠቃል።

ካኒስተሯን መፈተሽ ቀላል ነው። ጎማዎቿ ተነቅለው በሳልባትዮው አፍ አየር ሲነፋ በአየር ማስገቢያዋ በኩል ሳይከብድ መውጣት አለበት። ስትነቀነቅ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨባት ሰጥማለች፤ የማደያው መቅጃ ራሱ ካቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» እየተባለ መሞላቱ ነው የሚያሰጥማት። ነገ ቤንዚን ላይገኝ ይችላል ብሎ እስከ አንገቱ የሚያስሞላውን ሰው እንረዳዋለን፣ ግን ያችን ትርፍ ሊትር የሚጠጣት ከሰሉ ነው። ጥቁር ፍርፋሪ ወደ ሞተር በሚሄደው ጎማ ውስጥ ከታየ ካኒስተሯ ትቀየር። በውሃም በቤንዚንም አትታጠብም። ከካኒስተሯ ወደ ሞተር በሚወስደው መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ቫልቭ ካለ ሶኬቱ ነቅሎ፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አስነስቶ፣ በካኒስተሯ በኩል ያለውን አፉን በጣት መዝጋት፤ ጣት ከሳበ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ አልነሳ የሚሉ መኪኖች ብዙዎቹ ይህ ችግር አለባቸው።

ሁለት ነገሮች ትነት መስለው ያሳስታሉ። ኢንጀክሽን ባለው ሞተር ላይ የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው ሸራ (ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ) ሲቀደድ ቤንዚን በቫኩም ጎማው ወደ ሞተር ይገባል፤ ጎማው ተነቅሎ ውስጡ እርጥብ ከሆነ መቆጣጠሪያው ይቀየራል። ካርቡሬተር ባለው መኪና ደግሞ የሜካኒካል ፖምፓው ሸራ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ልክ ከፍ ብሎ ቤንዚን ከሸተተ መኪናው ዘይቱ ሳይቀየር አይነሳ።

ስለ ስካነር (የመኪናን ብልሽት ኮድ ስለሚያነበው ማሽን)፦ ለአሜሪካ ገበያ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት መኪኖች በአብዛኛው የትነት ፍሳሽን ራሳቸው ስለሚፈትሹ ፒ0442 ወይም ፒ0455 የሚል ኮድ ሊያወጡ ይችላሉ። እዚህ የሚበዙት ለጃፓንና ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች በአብዛኛው ይህ ፍተሻ ስለሌላቸው፣ «ማሽኑ ምንም አላሳየም» የሚለው መልስ ምንም አይነግርም።

ጎማ ሲቀየር የውሃ ጎማ አይሁን፤ በወራት ውስጥ ያብጥና ይለሰልሳል። ለትነትና ለካርቡሬተር መስመር ኤስኤኢ 30 አር 7 የሚል የታተመበት ይበቃል፤ ለኢንጀክሽን 30 አር 9 ይሁን። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን አይችልም። መንገድ ላይ ስንጥቅ በደረቅ ሳሙና መድፈን የቆየ ዘዴ ነው፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው ቤት ያደርሳል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ግን ያጥበዋል። ባዶ ሳልባትዮ መበየድ ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ብልጭታ ብቻ ይጠብቃል።

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ጉድጓድ ውስጥም ይተኛል። ጋራዥ በር ላይ ጀበና የተጣደበት የከሰል ምድጃ ካለ፣ ሳልባትዮ ከመከፈቱ በፊት ምድጃው ይነሳ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ መብራትም አምፖል ሳይሆን የእጅ ባትሪ ይሁን።

ካኒስተራቸው ቀድሞ የተጣለባቸው መኪኖች ብሎኑን ዛሬውኑ ያስወጡ። እስከዚያው ጎማው ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ጫፉ ከሞተር ክፍል ውጭ ይሁን። ከተፈታ መኪና የተወሰደች ካኒስተር መግዛት ይቻላል፤ ሻጩ ፊት ነቅንቋት፣ በሳልባትዮው አፍ ንፉባት፣ ጥቁር ዱቄት ካልተፋች ውሰዷት።

በጅማ ከተማ የመኪና ጥገና ባለሙያዎች