አባባ፣ ጣውላውን አይሽጡት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዳይጠናበት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ደጅ አይውጡ።

ባለፈው ስለ ጓሮው ጣውላ ሲነግሩኝ ኔትወርኩ አቋረጠን። ወንድሞቼ ግቢውን አጣበበ፣ ይሸጥ ብለዋል አሉ። አባባ፣ አይሽጡት።

ሰሞኑን ልጆቹን ይዘን እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ቢች የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወርደን ነበር። እዚያ ብሮክ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ማዕከል አለ። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ለመታደግ የተቋቋመ ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. የከፈተው ነው። ተማሪዎች እየመጡ ስለ ውሃው፣ ስለ ዓሣውና ስለ ሸርጣኑ ይማሩበታል። ቦታው ላይ ከ1,100 በላይ ቤቶች ሊሠሩበት ታቅዶ ነበር፤ ደግነቱ ቀረ።

የአናጺ ልጅ ነኝና ዓይኔ የሄደው እንጨቱ ላይ ነው። የውጭ ግድግዳው የለበሰው ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ከኖረ ግንድ የተሰነጠቀ ጣውላ ነው፤ ዛፉ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ነው። የመስኮቶቹ ጠርዝ ደግሞ የድሮ ትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ መቀመጫ ነበር። የመሳቢያው እጀታ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሻምፓኝ ቡሽ! ልጆቹ አንዱን ሲስቡ፣ ሌላውን ሲመልሱ አልወጣ አሉኝ።

ባሕሩ እየጨመረ፣ መሬቱም እየሰመጠ ስለሆነ ቤቱን ከዳርቻው አርቀው፣ በምሰሶ ላይ ከባሕር ወለል ከ4 ሜትር በላይ ከፍ አድርገው ነው የሠሩት። መብራቱ ከፀሐይና ከሁለት የነፋስ ተርባይኖች ነው። በተለካበት የመጀመሪያ ዓመት ከተጠቀመው በ83 በመቶ የሚበልጥ አመንጭቷል። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አይለቀቅበትም፣ ቆሻሻው ወደ ብስባሽ ነው የሚቀየረው። ይሄን ሲሰሙ ፊትዎን እንደሚያጨማድዱ አውቃለሁ፤ ግን ምንም አይሸትም።

በጣም የገረመኝ ውሃው ነው። ከጣሪያ የወረደውን ዝናብ አጠራቅመው፣ አጣርተውና በጨረር አክመው ይጠጡታል። የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ደግሞ ለአትክልቱ ይሄዳል። እኛም ጋ እኮ ክረምቱን ሙሉ ከቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ዝም ብሎ ቦይ ነው የሚገባው፤ በበጋ ደግሞ ጀሪካን ተሸክመን እንሰለፋለን።

ስለዚህ እዚያ ለሚሠራው አዲስ ክፍል ጣሪያ ሲመታ አሸንዳ ይደረግለት፣ ከሥሩም ሮቶ ይቀመጥ። ለመጠጥ አይሁን፤ እንደነሱ ማጣሪያ የለንም። ለልብስና ለጎመኑ ግን ይበቃል። ታናሼ የሮቶውን ዋጋ ጠይቆ በቴሌግራም ይላክልኝ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ከጣውላው ምስጥ የበላውን ብቻ ያስወጡ፤ ቀሪው ለበሩና ለመስኮቱ ይበቃል። አለካኩን ለወንድሞቼ አይተዉላቸው፣ ራስዎ ይቁሙበት።

ልጅዎ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ