ለዳዊት፤ ስለላክህልኝ ትምህርት

ወንድሜ ዳዊት፣

እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ደህና ነኝ፤ በእኔ አታስቡ። ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ አይደለም። ለወጣቶቹ ስለ አይሁድ ያዘጋጀኸውን ትምህርት አንብቤ ምን ብዬ እንደምመልስልህ ጨንቆኝ ነው። የዚህን አገር ስብከት እየጫንኩ የላክሁልህ እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔም ነው።

መጀመሪያ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» ያልከውን አውጣው። አይሁድ ዓለምን ለመግዛት ያሴራሉ የሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ሩሲያ ውስጥ የወጣ የሐሰት ጽሑፍ ነው። በ1921 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ፣ ናፖሊዮን ሦስተኛን ከሚተች የ1864 የፈረንሳይኛ መጽሐፍ መገልበጡን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየ። ከዚያም በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ እንደ ዊልያም ቤል ራይሊ ያሉ ስመ ጥር የአሜሪካ ፋንዳሜንታሊስት (መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል እንይዛለን የሚሉ) ሰባኪዎች እውነት ነው ብለው አስተማሩት።

«እኛ እኮ እስራኤልን እንወዳለን» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ፍቅሩ ከየት እንደመጣ ግን መርምር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰባኪው ጆን ዳርቢ የጀመረው፣ አሜሪካዊው ሰባኪ ስኮፊልድም በ1909 በመጽሐፍ ቅዱስ የግርጌ ማስታወሻ ያስፋፋው ትምህርት አይሁድን የመጨረሻው ዘመን ምልክት ያደርጋቸዋል። ወደ ምድራቸው ሲሰበሰቡ እልል ይባላል፤ ቀጥሎ ብዙዎች ዘካርያስ 13፥8ን ጠቅሰው «ሁለት ሦስተኛው ያልቃል» ይላሉ። እልቂቱን በሰንጠረዥ ላይ አስፍሮ የሚጠብቅ ሰው እንዴት ወዳጅ ይባላል? የእስራኤል ደጋፊ የነበረው አሜሪካዊው ሰባኪ ጄሪ ፎልዌል በ1999 ሐሳዊው መሲሕ አይሁዳዊ ወንድ እንደሚሆን ተናግሯል። በ1980 የደቡብ ባፕቲስት ኮንቬንሽን (ትልቅ የአሜሪካ ፕሮቴስታንት ቤተ እምነት) ፕሬዚዳንት የነበረው ቤይሊ ስሚዝም እግዚአብሔር የአይሁዳዊን ጸሎት አይሰማም ብሏል። ድጋፉና ንቀቱ በአንድ አፍ ሲነገር እያየን ነው።

ዮሐንስ 8፥44ን፣ «እናንተ ከአባታችሁ ከዲያብሎስ ናችሁ» የሚለውን፣ ለብቻው ቆርጠህ አታስተምር። ከቁጥር 31 ጀምር፤ ተናጋሪው ጌታም አይሁዳዊ መሆኑን ንገራቸው፤ ከዚያው ወንጌል 4፥22ን፣ «መዳን ከአይሁድ ነውና» የሚለውን፣ አብረህ አንብብ። በማቴዎስ 27፥25 «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» ብሎ የጮኸው በጲላጦስ ፊት የቆመው ሕዝብ እንጂ በየዘመኑ የሚወለደው አይሁዳዊ ሁሉ አይደለም። ስቅላት ደግሞ የሮማ ቅጣት ነው። ሮሜ 11፥18ን ሳታነብላቸው ክፍሉን አትዝጋ፤ ጳውሎስ በቅርንጫፎቹ ማለትም በአይሁድ ላይ አትመካ የሚለው ለእኛ ነው።

በእህታችን ሠርግ ሩት 1፥16ን፣ «ሕዝብሽ ሕዝቤ» የሚለውን፣ እንደምታነብ ሰማሁ። ቃሉ ለእስራኤላዊት አማት የተነገረ መሆኑን በዚያ ቀን ለሕዝቡ ንገርልኝ። አለመገኘቴ ሆዴን እየበላኝ ነው፤ ሙሽራዋን አቅፈህ ሳምልኝ።

ለእማዬ መድኃኒት የላክሁት ሲደርስ አሳውቀኝ። ግፊቷን ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፉልኝ፤ «ደህና ናት» ብቻ አትበሉኝ። ድምፅዋ ናፍቆኛል።

እህትህ ማርታ