ለየሺ፣ ከደሴ

ደሴ፣ ጥቅምት 2018

የሺዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት ተሻላቸው? አምስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላምታ ስደረድር ራሴንም ሳቄ መጣ። ስንት ጊዜ ደወልሽ፣ አላነሳሁም። ለእህቴ «ሰዓዳ ምን አድርጌያት ነው የተቀየመችኝ?» ብለሽ እንደጠየቅሻት ሰምቻለሁ። ወላሂ ቅያሜ አይደለም። አንብቢና ትፈርጂኛለሽ።

ከቀለበቱ ልጀምር። የኒካህ ቀለበቴን ታውቂዋለሽ፤ ሰፍቶኝ በክር ጠቅልዬ ያጠበብኩት። በ2010 ክሩን ፈታሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ በሳሙና ካልሆነ አልወጣ አለ። ከዚያ ጭራሽ እምቢ አለ። ጣቴ ከላይም ከታችም ወፍሮ ቀለበቱ መሀሉ ላይ ሰመጠ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ሄድኩ። ልጁ ከቀለበቱ ሥር ቀጭን ብረት አስገባና በትንሽ መጋዝ ቀስ እያለ ቆረጠው። የወርቁ ብናኝ ጥቁር ጨርቅ ላይ ረገፈ። እሱንም በብሩሽ ሰብስቦ በወረቀት ጠቀለለልኝና «እንኪ እናቴ፣ ያንቺው ነው» አለኝ። ያኔ 35 ዓመቴ ነው። ፊቴን ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ እናቴ ያለኝ እጄን አይቶ ነው።

ጫማዬ 37 ነበር። 41 ገባ። የሴት ጫማ ሲጠፋ የወንድ ሸራ መግዛት ጀመርኩ፤ ለባሌ ነው እያልኩ። አገጬ ወደፊት ወጣ፣ ጥርሶቼ ተራራቁ፣ አፍንጫዬና ከንፈሬ ወፈሩ። ድምፄም ጎረነነ። አንድ ቀን ስልክ ሳነሳ ሰውዬው «ሄሎ ጋሼ» አለኝ። ስልክ ማንሳት ያስጠላኝ ከዚያ ወዲህ ነው። አንቺም የደረሰብሽ እሱ ነው።

ሰው ያላለው የለም። ግማሹ ተመቻት አለ፣ ግማሹ ዓይን በልቷት ነው አለ። እማ ሼኹ ዘንድ ወስዳ ዱዓ አስደረገችልኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ጠበል በጀሪካን አመጣችልኝ። የኛ አገር ነገር ታውቂው የለ! ሁለቱንም ተቀበልኩ። ራስ ምታቱ ግን አልለቅ አለ። ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላው ስመላለስ ማስታገሻ ብቻ ይዤ እመለሳለሁ። በኋላማ ከጎኔ የሚመጣ ባጃጅ አይታየኝም ነበር። ሁለቴ ለጥቂት ተረፍኩ።

በ2016 አንድ ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ራስ ምታቴን ልነግረው ስጀምር እጄን ያዝ አድርጎ ገለባበጠውና «የድሮ ፎቶ ይዘሻል?» አለኝ። ምን ሰጠሁት መሰለሽ? በ1993 ፎቶ ቤት የተነሳነውን፣ አንገቴን አቅፈሽኝ ከኋላችን የተሳለ ፏፏቴ ያለበትን። ቦርሳዬ ውስጥ ነው የሚኖረው። ትንሽ አየውና በጣቱ እያሳየ «ይቺ ናት አንቺ?» አለኝ። ያሳየኝ አንቺን ነው።

በሽታው አክሮሜጋሊ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ፒየር ማሪ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፣ በፈረንጆቹ 1886። የግሪክ ቃል ነው፤ የአካል ጫፍ ማደግ እንደማለት። ከአንጎላችን ሥር አተር የምታህል እጢ አለች፣ ፒቱታሪ የምትባል። እሷ ላይ ዕባጭ ይወጣና የእድገት ሆርሞን ያለ ልክ ያመርታል። ልጅ ብሆን ቁመቴ ይመዘዝ ነበር። አዋቂ ሲሆን ግን አጥንቱ መርዘሙን ስለጨረሰ ይወፍራል፤ እጅ፣ እግር፣ አገጭ፣ ግንባር። ዕባጩ ሲያድግ የዓይን ነርቭ ይጫናል፤ ባጃጁን የከለለብኝ እሱ ነው። ለውጡ በጣም ቀስ ስለሚል ብዙ ሰው ዓመታት ካለፉት በኋላ ነው የሚታወቅለት። ባሌ በየቀኑ እያየኝ አላየውም። ምስኪን፣ እስካሁን ይጸጽተዋል።

ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ነበር። ጭንቅላቴን የሚከፍቱት መስሎኝ ኑዛዜ ሁሉ ተናዝዤ ነበር፤ ለካ በአፍንጫ ቀዳዳ ነው የሚገቡት! እዚያ የተኛሁ ጊዜ አንዷ ነርስ «ከየት ነሽ?» አለችኝ። «ከወሎ፣ ከደሴ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች። ታውቂው የለ፣ ወሎዬ ነኝ ካልሽ ሰው መጀመሪያ ፊትሽን ነው የሚያየው። ዘፋኙ ሁሉ ለወሎ ቆንጆ ሲያንጎራጉር ነው የኖረው። በባቲም ሆነ በአምባሰል ቅኝት ስለ አገጭ የተዘፈነ ካለ ግን ላኪልኝ። ያኔ ስቄበታለሁ፣ ሌሊት ግን አለቀስኩ። ሕመሙ ሌላ አገር ቢይዘኝ ይቀለኝ ነበር እንዴ? እንጃ።

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ።

በ2015 ለአጎትሽ ለቅሶ መጥተሽ ነበር። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጥቁር ነጠላ ለብሰሽ ሻንጣ እየጎተትሽ መጣሽ። ልቤ ዘለለ። ቀጥ ብለሽ ወደኔ መጥተሽ «እትዬ፣ የደሴ ሚኒባስ በየት በኩል ነው?» አልሽኝ። በእጄ አሳየሁሽ፣ በነጠላዬ እንደሸፈንኩት። አፌን ያልከፈትኩት ድምፄን ትለይዋለሽ ብዬ አይደለም። ድምፄንም እንደማትለይው ስላወቅኩ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽኝ ሄድሽ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሜ አየሁሽ። አልፈርድብሽም የሺዬ፣ እኔም ራሴን የማላውቅበት ቀን አለ። ግን እናቴ ብሎኝ ካለፈው ልጅ ያንቺ «እትዬ» በልጦ አመመኝ። የድሮው ፊቴ የቀረው ካንቺ ጋር ነበርና።

አሁን ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ሆርሞኑ ወርዷል፤ በየጊዜው ደም እየሰጠሁ እመረመራለሁ። ሲያጠምቀኝ የኖረው ላብ ቆመ፣ ራስ ምታቱ ተወኝ፣ የፊቴ እብጠት ቀነሰ፣ ባጃጁም ከሩቅ ይታየኛል። አጥንቱ ግን ባለበት ነው፤ የወጣ አገጭ አይመለስም። ያ ሐኪም ደሙ ሲስተካከል ስሜቱ አብሮ ላይስተካከል ይችላል ብሎ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። እውነቱን ነው። አሁንም በሱቅ መስታወት በኩል ሳልፍ ሌላ ሴትዮ የመጣች ይመስለኝና መንገድ እለቅላታለሁ። በቀደም ግን ቆም ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ እሷም አስተካከለች።

በጥር ለእህትሽ ልጅ ሠርግ እንደምትመጪ ሰማሁ። መናኸሪያ እኔ ነኝ የምቀበልሽ። አረንጓዴ ሻሽ አስራለሁ። ካላወቅሽኝ ዘንድሮስ እጮህብሻለሁ፣ በጋሼ ድምፄ። ዋዜማውን እንሶስላ አብረን እንሞቃለን፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እጄን ደብቄ የሰው ሠርግ ስታደም ኖሬያለሁ። እማማን እንሶስላውን ጨመር አድርገው ያስወቅጡ በያቸው፤ የዛሬው እጄ ብዙ ነው የሚፈጀው።

ያንቺው
ሰዓዳ