ጥይት የሚበትን ጠመንጃ ይዞ ለአደን ስለመውጣት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ክልሎች፣ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ የደጋ አጋዘን አልሞ ሲስት ወዲያው የሚነሣው ሰበብ የቦታው ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ከለመደው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ማረፉ እውነት ነው። ሆኖም ልዩነቱ በ300 ሜትር ርቀት እንኳ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ደግሞም ምቶቹን ሁሉ አንድ ላይ ወደ ላይ ያነሣቸዋል እንጂ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አይበትናቸውም። እኔ መናገር የምፈልገው ስለዚሁ ልዩነት ነው፤ ባለመቀርቀሪያ የአደን ጠመንጃ አልመታ ሲል ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ምቶቹ ተሰብስበው ከመሐሉ ርቀው ያርፋሉ፣ ወይ ይበታተናሉ። ሁለቱን ሳይለዩ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማስተካከያ ማዞር ጥይት ከማባከን በቀር የሚፈይደው የለም።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የጠመንጃውን የፊት እንጨት በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ አፈሙዙ ምንም ሳይነካ፣ በ100 ሜትር ርቀት አምስት ጥይት ቀስ ብሎ መተኮስ ይበቃል። አምስቱም በአራት ሴንቲሜትር ውስጥ ተሰብስበው ነገር ግን ከመሐሉ አሥር ሴንቲሜትር ወደ ግራ ካረፉ ጠመንጃው ጤነኛ ነው፤ የቀረው ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ብቻ ነው። በብዙዎቹ የአደን መነጽሮች አንድ ቀጭታ፣ ማለትም ማዞሪያው ቀጭ ብሎ የሚያልፈው አንድ እርምጃ፣ በዚህ ርቀት ምቱን ሰባት ሚሊሜትር ያህል ስለሚያንቀሳቅስ አሥራ አራት ቀጭታ ወደ ቀኝ ማዞር ይበቃዋል። ምቶቹ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ተበታትነው ከሆነ ግን ማዞሪያውን መንካት አይገባም፤ የመጨረሻውን ቀዳዳ እያሳደደ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ የሚያሽከረክር ሰው በአጋጣሚ መሐሉን ቢመታ እንኳ ቀጣዩ ጥይት የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

የመበተን ምክንያት ሲፈለግ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አፈሙዙን ነው፤ እኔ ግን በመጨረሻ የምጠረጥረው እርሱን ነው። ጠመንጃው በአውሮፕላን ጭነት ክፍል ከመጣ በኋላ በኮረኮንች መንገድ ላይ በመኪና ሲናጥ ስለሚውል መጀመሪያ የሚላላው ቪቴ ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ከሥር ያሉት ቪቴዎች፣ መነጽሩን አቅፈው የያዙት ቀለበቶች፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከቀለበቶቹ ሥር ተደብቀው ስለሚቀመጡ ማንም የማያያቸው፣ የመነጽሩን መቆሚያ ከጠመንጃው ብረት ጋር የሚያስሩት የመሠረቱ ቪቴዎች አንድ በአንድ መፈተሽ አለባቸው። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ጉዳት ነው፤ እንጨቱን ይጨፈልቃል፣ የመነጽሩንም አካል ያጣምማል። ቀጥሎ የሚመጣው እንጨቱ ራሱ ነው። የእንጨት ሰደፍ እርጥበት ይጠጣል፤ በደረቅ አገር ተስተካክሎ የመጣ ጠመንጃ በደጋው ጉምና ዝናብ ጥቂት ቀናት ሲያሳልፍ እንጨቱ አብጦ አፈሙዙን በአንድ ጎን ሊገፋው ይችላል። አፈሙዙ ከእንጨቱ ሳይነካ እንዲቀመጥ በተሠራ ጠመንጃ ላይ አንዲት ወረቀት በሁለቱ መካከል ያለ እንቅፋት ማለፍ አለባት። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን ሆን ብለው በእንጨቱ ጫፍ ላይ አፈሙዙን የሚደግፍ ጉብታ ስለሚተዉ፣ የጠመንጃውን ዓይነት ሳያውቁ እንጨቱን መፋቅ አይገባም።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በአፈሙዙ ውስጥ የተጋገረ የመዳብ ዝቃጭ ምቱን ያበላሻል፤ አሞኒያ ባለው ማጽጃ የተነከረ ጨርቅ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ገና አልጸዳም ማለት ነው። የማጽጃው ዘንግ ከፊት በኩል እየገባ የአፈሙዙን ጫፍ ከቦረቦረው ደግሞ በጽዳት የሚመለስ አይደለም፤ ብዙዎቹ አሮጌ ምንሽሮችና ሞዘሮች የተጎዱት በዚህ ነው። ቀጭን የአደን አፈሙዝ ከሦስት ከአራት ጥይት በኋላ ሲግል ምቱ መሸሽ ስለሚጀምር በየመካከሉ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የአንዱን ፋብሪካ ጥይት የሚበትን ጠመንጃ የሌላውን ሊሰበስብ ስለሚችል ሌላ ዓይነት ጥይት ሳይሞክሩ በጠመንጃው ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም። በዒላማው ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ከሆነ ከጥይቱ የሚወነጨፈው እርሳስ በአየር ላይ እየተንገዳገደ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ እርሳሱ በአፈሙዙ ውስጥ ለተቆረጠው፣ እርሳሱን ለሚያሽከረክረው ጥምዝ ከልክ በላይ ረጅም ወይም ከባድ መሆኑን ያሳያል። በምርመራው ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም።

ለማንሣት የሚያሳፍረው ነገር ተኳሹ ነው። ከባድ ጥይት የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ትከሻ ይመታሉ፤ ሰውየውም ሳያውቀው ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውንም ይገፋል። ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ሳይነገረው ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅሎ ማጉረስ ነገሩን ይገልጠዋል፤ ሳይተኩስ የቀረው ጠመንጃ ከተንቀጠቀጠ በሽተኛው ጠመንጃው አይደለም። ይህን ለእንግዳ መንገር ድፍረት ይጠይቃል፤ በተለይ እንግዳው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ከሆነ።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት እንስሳት መካከልም ተመዝግቧል። ቆስሎ አስታ የሚባለው የደጋ ተክል ወደሸፈነው ጫካ የገባን ወንድ አጋዘን ተከታትሎ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣንም ሆነ እንግዶችን ይዘው የሚወጡ ባለፈቃድ አዳኞች፣ ማንኛውም ጠመንጃ የአደን ሰፈሩ በደረሰ በማግስቱ የዱር እንስሳት ጠባቂው ባለበት በ100 ሜትር እንዲፈተሽ፣ የተተኮሰበትም ወረቀት ቀን ተጽፎበት ከአደን ፈቃዱ ጋር እንዲያያዝ ግዴታ ቢያደርጉት እጠይቃለሁ። ምቱን ሊሰበስብ ያልቻለ እንግዳም በሰፈሩ የተፈተሸ ጠመንጃ ተውሶ ይውጣ፤ ይህን ካልወደደ አደኑ ለሌላ ቀን ይተላለፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎባ