የነጠላ ዘርፍ የሚቋጩ እጆች እንዳይጠፉ፦ የድጋፍ ጥሪ

ነጠላ ሲገዛ ጥለቱን የማያይ የለም። ዘርፉን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ሸማው ከሸማኔው እጅ ሲወጣ በሁለቱም ጫፍ ያልተሸመነ ድር ተንጠልጥሎ ይቀራል። እሱ ካልተቋጨ ማጉ እየሾለከ ጫፉ መተርተር ይጀምራል። ስለዚህ አንዲት ሴት ትቀመጥና ጥቂት ጥቂት ድር እየለየች ሁለት ቦታ ትከፍላለች፤ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ታከርራቸዋለች፤ ከዚያ አጣምራ በተቃራኒው ትገምዳቸዋለች። የከረረው ክር ሊፈታ ሲታገል ከጓደኛው ጋር ይበልጥ ይጠማዘዛል። የቀረው ጫፉን መቋጠር ብቻ ነው። «ንግግሬን በዚህ ልቋጭ» ስንል የምንዋሰው የእነዚህን ሴቶች ቃል ነው።

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከጋሞ ደጋ በመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች መካከል። እናቴ ለጎረቤት ሸማኔዎች ዘርፍ ትቋጭ ነበር። ጥምቀት ሲቃረብ፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ ሰው ሁሉ ሸማ በሚያዝበት ሰሞን፣ እስከ እኩለ ሌሊት ጭኗ ላይ ነጠላ ዘርግታ አስታውሳታለሁ። ዛሬ ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸዋል። እኔም ሙያዋን በጊዜው አልተማርሁም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ካለፈው መስከረም ጀምሮ የሰፈራችን ዕድር አዳራሹን ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ ሰጥቶናል። ሁለት እናቶች 14 ወጣቶችን ያስተምራሉ፤ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። መጀመሪያ የሚማሩት ማክረር ነው፤ ከዚያ መግመድና መቋጨት፤ ቀጥሎ ባለ ሦስትና ባለ አራት ጉንጉን። ጉንጉኑ ለመጋረጃ ማሰሪያና ለቀሚስ ጌጥ ይሆናል። ደግሞ ማተብ አለ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ አንገታቸው ላይ የሚታሰረውን ማተብ ከጥጥ ክር ገምዶ ማዘጋጀት ልጆቹ በጣም የወደዱት ትምህርት ሆኗል። አንዷ ለወንድሟ ልጅ ራሷ ገምዳ ወስዳለች።

የቸገረን ክር ነው። ተሳስቶ የከረረ ክር ሲፈታ ይሻክራል፤ እንደ አዲስ አይሆንም። ጀማሪ ደግሞ ሳይሳሳት አይማርም። ከክሩ በላይ የሚከብደኝ ግን የአስተማሪዎቻችን ነገር ነው። እስካሁን የታክሲያቸውን ከኪሳቸው እየከፈሉ ነው የሚመጡት። ዕድሜ ልካቸውን በርካሽ የሠሩ እጆች ሲያስተምሩም በነፃ መሆኑ ልክ አይደለም።

ለስድስት ወር 96,000 ብር ያስፈልገናል። 60,000ው ለሁለቱ እናቶች ነው፤ ለእያንዳንዳቸው በወር 5,000 ብር። 24,000 ለክርና ለቀለም፣ የቀረው ለመቀመጫና ለመብራት ይውላል። ማሽን ግዙ ያሉን ወዳጆች አሉ። ለስፌት ቢሆን እስማማ ነበር፤ እኛ የምንፈልገው ግን ልጆቹ በጣታቸው እንዲያውቁት ነው። ጣት ያወቀውን መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ከቤት የተላከላችሁን ነጠላ አውጡና ዘርፉን በጣታችሁ ዳስሱት። በእጅ የተቋጨ ከሆነ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ አንዲት እናት ተቀምጣ የሠራችው ነው። ለእሷ ሙያ የምትችሉትን እንድትሰጡ በትሕትና እንለምናለን። እዚህ ያሉ ቤተሰቦቻችሁ በስማችሁ መስጠት ይችላሉ።

ገንዘቡን የሚቀበለው የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤ ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይቆርጣል። የገባውና የወጣው በየወሩ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ ለሌለውም ቦታ አለ። ትርፍ ክር፣ መቀስ ወይም ዱካ ያለው ይዞ ይምጣ። ዘርፉ የተፈታ ነጠላ ወይም ጋቢ ያላችሁም አጥባችሁ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ አምጡልን፤ ልጆቹ በእናቶቹ ዓይን ሥር ይቋጩላችኋል፤ የፈቀዳችሁትን ሣጥኑ ውስጥ ትጨምራላችሁ።