የቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ለሠራናት መኪና የፊት መብራት ስንመርጥ

ክበባችን ከባለፈው ዓመት የተረከባት ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ዘንድሮ መስከረም ላይ በራሷ ኃይል መንቀሳቀስ ብትችልም፣ መብራት ግን አልነበራትም። ሻንሲዋ በቱቦላሬ የተበየደ፣ አካሏ በላሜራ የተሸፈነ፣ ሞተሯና ካምቢዮዋም ከአሮጌ ላዳ የተወሰዱ ናቸው። ስለ ብየዳውና ስለ ሞተሩ ባለፈው እትም ስለተጻፈ አልደግመውም። የዘንድሮው የክበቡ ጉልበትና ሐሳብ በአብዛኛው ያረፈው ሁለት የፊት መብራቶችን በመምረጥና በመትከል ላይ ነው። ሥራው የአንድ ቅዳሜ ቢመስልም ከኅዳር እስከ ግንቦት ወስዶብናል፤ ያ ጊዜም አልባከነም ብዬ አምናለሁ።

አዳማ ላይ ሲመሽ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። ከጂቡቲ ጭነት ይዘው የሚመጡ ከባድ ተሽከርካሪዎች፣ ባጃጆች፣ አንዳች መብራት የሌላቸው የፈረስ ጋሪዎችና እግረኞች አንዱን አስፋልት ይጋራሉ። ከፊት የሚመጣ መኪና ብርሃኑ ዓይን ከወጋ፣ ከአጠገቡ ያለው ጋሪ ለጥቂት ሰከንዶች ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ ለአባላቱ ሁለት ጥያቄዎች አቀረብኩላቸው፤ አንደኛው መብራታችን ለእኛ ምን ያህል ያሳየናል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፊታችን ለሚመጣው ሰው ምን ያደርግበታል የሚል ነበር። ለመጀመሪያው ሁሉም መልስ ነበረው፤ ሁለተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያሠራን ከረመ።

መኪናዋ ስላልተመረመረችና ስላልተመዘገበች ከግቢ አልወጣችም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በዚህ ረገድ የማያሻማ ስለሆነ፣ ለተማሪዎቼ ካስነበብኳቸው ነገሮች የመጀመሪያው እርሱ ነው። ሆኖም አንድ ቀን ለምርመራ ብትቀርብ እንዳታሳፍረን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ተሽከርካሪ መብራቶች አተካከል ያወጣውን ደንብ ቁጥር 48 መለኪያችን አደረግን። ደንቡ የአጭር መብራት፣ ማለትም ከፊት መኪና ሲመጣ የሚበራው ዝቅ ያለ ብርሃን፣ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ቢበዛ 120 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲሆን ያዝዛል። የውጭው ጠርዝ ከመኪናው ጎን ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ መግባት የለበትም፤ በሁለቱ መብራቶች መካከልም ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መኖር አለበት። ልጆቹ ግን ለውበት ሲሉ መብራቶቹን አፍንጫዋ ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ ስለዋቸው ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «እንዲህ ተቀራርበው ሲታዩ ከሩቅ አንድ መብራት ይመስላሉ፤ ባጃጅ መስሎት የሚቀርበን አይጠፋም» ስትል ሥዕሉ ተቀየረ። አሁን በመካከላቸው 70 ሴንቲ ሜትር አለ፤ የታችኛው ጠርዛቸውም 43 ከነበረበት ወደ 53 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ላሜራው ተቆርጦ እንደገና ተበይዷል።

በዓይነቱ ላይ ብዙም አልተከራከርንም። ክብ የሆነው የ7 ኢንች መብራት በአሮጌ ላዳና በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ ስላለ በየመለዋወጫ ሱቁ ይገኛል፤ መስታወቱ ቢሰበር ወይም አምፖሉ ቢቃጠል ለየብቻ ይቀየራል። የሚቀበለው ኤች 4 የሚባለው ባለ ሁለት ክር የሃሎጂን አምፖል በረጅም 60፣ በአጭር 55 ዋት ነው።

ስህተቱ የተፈጸመው በግዢው ላይ ሲሆን፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት አንድ ሱቅ መስታወታቸው ጥርት ያለ፣ አንጸባራቂያቸው ያልደበዘዘ ሁለት መብራቶች አግኝተን በክበቡ ገንዘብ ገዛን። ማታ ከወርክሾፑ ግድግዳ ፊት ለፊት መኪናዋን አቁመን አጭሩን ስናበራ፣ የብርሃኑ የላይኛው ወሰን ከመካከል ጀምሮ ወደ ግራ ሽቅብ ወጣ። በእኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ፣ ያ ሽቅብ የሚወጣው ብርሃን የቀኙን የመንገድ ዳር፣ ማለትም እግረኛውንና ጋሪውን ማሳየት ሲገባው፣ የእኛው ግን በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ የሚገባ ነበር። መስታወቱን በእጅ ባትሪ ስንመረምር፣ በክብ ውስጥ ካለው «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና የአገር ቁጥር በታች ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ታትሞ አገኘን። ፊደሉና ቁጥሩ መብራቱን የፈቀደውን አገር ይነግራሉ፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን ነው። ቀስቱ ደግሞ መብራቱ እንደ ኬንያ፣ ሕንድና እንግሊዝ በግራ ለሚነዳባቸው አገሮች የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። ቀስት የሌለው በቀኝ ለሚነዳባቸው፣ በሁለቱም አቅጣጫ ቀስት ያለው ለሁለቱም የሚስተካከል ነው። ይህን ሳላነብ መግዛቴን ለአባላቱ በግልጽ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመክፈላቸው በፊት ጽሑፉን ማንበብ የእነርሱ ሥራ ሆኗል። ቀስት የሌላቸውን ጥንድ መብራቶች ያገኙትም እነርሱ ናቸው፤ ፍለጋው አምስት ሳምንት ፈጀ።

አንድ አባላችን ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የኤልኢዲ አምፖል አምጥቶ በኤች 4 ምትክ እንድንገጥመው ጠየቀ። ልከለክለው አልፈለግሁም፤ ግድግዳው ላይ ይሞከር አልኩ። በኤች 4 ውስጥ ከአጭሩ ክር ሥር ያለችው ትንሽ የብረት ጋሻ ብርሃኑ ወደ አንጸባራቂው የታችኛ ክፍል እንዳይደርስ ትከልላለች፤ የብርሃኑ ወሰን በግድግዳ ላይ እንደ መስመር የሚታየውም በእርሷና ክሩ ባለበት ትክክለኛ ስፍራ ምክንያት ነው። ባመጣው አምፖል መስመሩ ደብዝዞ ብርሃኑ ከወሰኑ በላይ ተበተነ። መጀመሪያውኑ ለኤልኢዲ ተነድፎ የተፈቀደ መብራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሃሎጂን አምፖል የተፈቀደ ቤት ውስጥ ግን ይህን መግጠም መብራቱን ካገኘው ፈቃድ ውጭ ያደርገዋል። ልጁ ራሱ ነቅሎ አወጣው።

ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ለምን እንደደከመ ፈለግን። በባትሪው ላይ 12.5 ቮልት፣ በአምፖሉ ላይ ግን 11.2 ቮልት ብቻ አነበብን። የሃሎጂን አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ እጅግ በፈጠነ መጠን ስለሚቀንስ፣ ይህች ጉድለት ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ብርሃን ታሳጣለች። የአንድ አባላችን አባት፣ በሙያቸው የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሆኑ፣ «መምህር፣ ኃይሉ ሁሉ በማብሪያ ማጥፊያው በኩል ለምን ይዞራል?» ብለው ሪሌ፣ ማለትም በማብሪያ ማጥፊያው ትንሽ ኃይል ታዝዞ ዋናውን ኃይል ከባትሪው በቀጥታ ወደ መብራቱ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ እና ወፈር ያለ ሽቦ እንድናስገባ አሳዩን፤ ፊውዙንም ከባትሪው አጠገብ አስቀመጥን።

የመጨረሻው ሥራ ማነጣጠሩ ነበር። ጎማዎቹን በትክክለኛው መጠን ነፍተን፣ በሹፌሩ መቀመጫ አንድ ሰው አስቀምጠን፣ ሜዳ በሆነ ቦታ ላይ ከግድግዳው 10 ሜትር ርቀን ቆምን። ደንቡ በዚህ ከፍታ ለሚተከል መብራት ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ቁልቁለት ስለሚፈልግ፣ የመብራቱ እምብርት በ62 ሴንቲ ሜትር ላይ እያለ መስመሩ ግድግዳው ላይ 52 ሴንቲ ሜትር እንዲያርፍ አደረግን፤ ይህም ብርሃኑ 62 ሜትር ያህል ርቆ መሬት እንዲነካ ያደርገዋል። ስሌቱን ያወጡት የ9ኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

ፍሬቻዎቹና የኋላ መብራቶቹ ለሚቀጥለው ዓመት ቀርተዋል። በጠመኔ የተሰመረችው የ52 ሴንቲ ሜትር መስመር አሁንም በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ትገኛለች፤ በክረምቱ ግድግዳው ሲቀባ በቀለም ሥር እንዳትጠፋ አስተዳደሩን በጽሑፍ ጠይቄአለሁ።