ከመግባትዎ በፊት

ሐይደልበርግ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእግርዎ መደንዘዝ ተወዎት ወይስ ባሰብዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል፤ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ይጨልማል።

ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ሰናይት እንድታነብልዎ አይስጧት። በስልክ ያልነገርሁዎ ስልክዎን ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ስለሚያናግሩበትና ቡና ሊጠጣ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ስለሚሰማን ነው። እዚህ የምታውቀኝ አንዲት ልጅ ለእናቷ ሙት ዓመት ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

ሰናይት ወረፋው ደርሶልዎ ታኅሣሥ 2 ቀን አዲስ አበባ ለኤምአርአይ መቀጠርዎን ነገረችኝ። የምርመራውንና የመንገዱን ገንዘብ በባንክ የላክሁት ለእሷ ነው። ለእርስዎ ብልከው እንደ ዐምናው ለሰው ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያደርጉታል። አይቆጡ፤ እውነቴን ነው። ደግሞም ጾም ነው ብለው የጠዋቱን መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳያቆዩት። የነፍስ አባትዎን ይጠይቋቸው፤ እሳቸውም ይህንኑ ነው የሚሉዎ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ናሆም በቁመት አልፎኛል፤ ድምፁም ጎርንኖ ስልክ ሲያነሣ ሰዎች አባቱ ይመስላቸዋል። ሶልያና ሽሮ ካልሆነ እንጀራ አትነካም። ለመስቀል ዶሮ ወጥ ሠርቼ አንድ ጉርሻ ብትቀምስልኝ ብዬ ብለምናት አለቀሰች። እርስዎን «ባለ ከዘራው አያቴ» እያለች ነው የምትጠራዎ። ጥርሷ ወልቆ አዲሱ በቅሏል፤ ፎቶዋን ከደብዳቤው ጋር አስገብቼዋለሁ።

ለጎረቤት «ልጄ ዶክተር ናት» እንደሚሉ ሰናይት ነግራኛለች። ዶክተር አይደለሁም። ሥራሽ ምንድን ነው ብለው በጠየቁኝ ቁጥር «ማቀዝቀዣ ነው የምሠራው» እያልሁ አሳልፌዎታለሁ፤ እሱም ሐሰት አይደለም። ዛሬ ግን በደንብ ልንገርዎ። ለምን እንደምነግርዎ ሲጨርሱ ይገባዎታል።

ከአንድ የካልሲየም አቶም ላይ አንድ ኤሌክትሮን ሲነጠቅ አዮን ይባላል። በአጥንትዎ ውስጥ ያለው ያው ካልሲየም ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ዕቃ ውስጥ፣ በሚርገበገብ የኤሌክትሪክ መስክ እንይዘዋለን፤ ምንም ሳይነካው በአየር አልባው ቦታ ተንሳፍፎ ይቆማል። ዘዴው የቦኑ የቮልፍጋንግ ፓውል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ሌዘር ስናበራበት ያ አንድ አዮን በካሜራው ላይ የብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታያል። አንዳንዶቹ ተመራማሪዎች እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ሊሠሩበት ይፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አዲስ ዓይነት ኮምፒውተር። ያ የእነሱ ጉዳይ ነው። የእኔ ድርሻ እሱን ከማግኔት መጠበቅ ነው።

ማግኔት ይረብሸዋል። በዙሪያው ያለው የማግኔት መስክ በአንድ ሚሊዮንኛ ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ብቻ ቢለዋወጥ በአዮኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ድግግሞሽ በ28,000 ኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ በ28,000 ጊዜ አካባቢ ይዛነፋል። የምድር የራሷ ማግኔት እዚህ ወደ 50 ሚሊዮንኛ ቴስላ ነው። በእኛ አገር ከዚህ ያንሳል፤ የማግኔቱ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ የኮምፓስ መርፌ ወደ መሬት ሳትዘቀዝቅ ጋደም ብላ ትቆማለች። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ያሉት ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የምድርን ማግኔት የሚለኩትም በዚህ ምክንያት ነው። የምድሩስ ባልከፋ፤ ብዙም አይለዋወጥም። የሚያስቸግረን በመንገዱ የሚያልፈው ትራም፣ የሚወጣና የሚወርደው ሊፍት፣ በግድግዳው ውስጥ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው መብራት ነው።

ሾፌር ነበሩና ይቺን ይወዷታል። ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በሚሉት የምርምር ማዕከል አንቲፕሮቶን የሚባለውን ቅንጣት ይዘው የሚለኩ ሰዎች አሉ። ቅንጣቱን የሚያመነጭላቸው ማሽን ራሱ በማግኔቱ ልኬታቸውን ስለሚያውክባቸው፣ የያዙትን በካሚዮን ጭነው ጸጥ ወዳለ ቦታ ለመውሰድ አሰቡ። ዐምና ጥቅምት ለሙከራ ያህል በአንቲፕሮቶኑ ፈንታ 70 ተራ ፕሮቶኖችን ወጥመድ በሚሉት መያዣ ውስጥ ይዘው በግቢው መንገድ አዞሯቸውና ተሳካላቸው። እርስዎ ስንዴ የጫነች ኤንትሬ ይዘው በጭጋግ ታርማበርን ሲወርዱ ትዝ አሉኝ። ቢቀጥሩዎ ጥሩ ነበር።

እኛ ግን አንሄድም፤ አጥር እንሠራለን። አጥሩ ኒዮቢየም ከሚባል ብረት ነው። ከዜሮ በታች ወደ 264 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ያሳልፋል፤ ሱፐርኮንዳክተር ይሉታል። እርሳስም ወደ 266 ሲወርድ እንደዚያው ይሆናል። ነገሩን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1911 ሌይደን ላይ ያየው ካመርሊንግ ኦነስ ነው፤ በሜርኩሪ። በ1933 ደግሞ በርሊን ላይ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ እንዲህ ያለ ብረት ማግኔትን ከውስጡ ገፍቶ እንደሚያስወጣ አዩ። አዮኑን በኒዮቢየም ከብበን ስናቀዘቅዘው፣ ውጪ ያለው ማግኔት በተለዋወጠ ቁጥር በብረቱ ገጽ ላይ ኤሌክትሪክ ይነሣና ለውጡን ያከሽፈዋል። መዳብም ይሞክራል፤ ግን እንቅፋት ስላለው የሚነሣበት ኤሌክትሪክ ወዲያው ይሞታል። ፈጥኖ የሚመላለሰውን ቢመክትም ዝግ ብሎ የሚለዋወጠው ያልፈዋል። ኒዮቢየሙ አይደክምም። በዚሁ ከተማ ያለው የማክስ ፕላንክ የኑክሌር ፊዚክስ ተቋም እንዲያውም ወጥመዱን ራሱን ከኒዮቢየም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳይቷል፤ የሚይዘውም የሚከልለውም ያው አካል ነው። ለሌዘሩ ቀዳዳ መተው ግድ ስለሆነ ግን ትንሽ ትንሽ ማግኔት በዚያ በኩል ሾልኮ ይገባል፤ ከቀዳዳው ጋር ስንታገል ነው የምንውለው።

ኒዮቢየሙ አንድ ጠባይ አለው። ከውጪ የሚመጣውን ይከለክላል እንጂ፣ በቀዘቀዘባት ሰዓት ውስጡ የነበረውን ሁልጊዜ አያስወጣም። እንደ ረጋ ሰም የያዘውን ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ውጪ ያለውን ማግኔት ሁሉ ብናጠፋ፣ ሕንጻውን ብናፈርስ እንኳ፣ ውስጡ ያለው እዚያው ነው። ማስለቀቂያው አንድ ብቻ ነው፤ መልሶ ማሞቅ። ይህንን አንዳንዴ ሆን ብለን እንጠቀምበታለን፤ አዮኑ አቅጣጫ እንዲኖረው ትንሽ ማግኔት ስለሚያስፈልገው የምንፈልገውን ሰጥተን እናቀዘቅዘውና ይዞልን ይቆያል። ያልፈለግነው ተይዞ ከቀረ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራዬ ከመቀዝቀዙ በፊት ነው። እያንዳንዱን ብሎን፣ እያንዳንዱን ሮንዴላ በማግኔት እየነካሁ እፈትሻለሁ። የተደበቀ ብረት መፈለግ እንጀራዬ ነው።

አባባ፣ በግራ ትከሻዎ ውስጥ ፍንጣሪ እንዳለ አውቃለሁ።

እማዬ ነግራኛለች። አይቀየሟት፤ ልትሞት አካባቢ ነው የነገረችኝ፣ ለማንም እንዳልናገርም አስምላኛለች። ከረን ላይ ሐኪሙ «ካወጣነው የባሰ ይጎዳል፤ ይቀመጥ» እንዳለዎ፣ ክረምት በገባ ቁጥር በግራ ጎንዎ የማይተኙት ለምን እንደሆነ፣ ሁሉንም። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ስንታጠብ ጠባሳውን አይቼ ምንድን ነው ብዬዎ «በቅሎ ረግጣኝ ነው» ያሉኝን ለስንት ዘመን አምኜ ኖሬያለሁ። በቅሎ መቼ ነበረን?

ሰናይት ቅጹን ስታስሞላዎ «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ ወይ?» የሚለው ጋ ስትደርስ «ምን ብረት?» ብለው መሳቅዎን እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ያ የሚገቡበት ማሽን የእኔው ማሽን ወንድም ነው። በሆዱ ውስጥ ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም የተሠራ ሽቦ፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ተነክሮ ተጠምጥሟል። አንድ ጊዜ የገባበት ኤሌክትሪክ ዓመት ከዓመት ይዞራል። እኔ ማግኔትን የማስቀርበት ነገር እዚያ ማግኔትን ይወልዳል። በብዙዎቹ ማሽኖች ጉልበቱ 1.5 ቴስላ ነው፤ ከላይ ከነገርሁዎ ከምድር ማግኔት 30,000 እጥፍ። ክፍሉ ጸጥ ስላለ ወይም መብራት ስለሄደ ማሽኑ ጠፍቷል ብለው እንዳያስቡ፤ ማግኔቱ አይተኛም።

የቆየ ፍንጣሪ ብዙ ጊዜ ሥጋ ስለሚይዘው ምንም ላይሆን ይችላል። ግን ሊሳብ ይችላል፤ ሊሞቅም ይችላል፤ ምንም ባይሆን ምስሉን ያበላሽባቸዋል። ከነርቭ ወይም ከደም ሥር አጠገብ ከሆነ ነው የሚያስፈራው። እርስዎ የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገር። አስቀድመው ራጅ ያነሡዎታል፣ የት እንዳለ ያዩታል፣ ይገባል ወይም አይገባም የሚሉት እነሱ ናቸው። ካልሆነም ሲቲ ስካን አለ። ጀርባዎ ሳይታይ አይቀርም።

የሚፈሩት ማንን ነው? የዚያን ጊዜ ሰዎች አልፈዋል። ከእነሱ በኋላ የመጡትም አልፈዋል። ራጅ የሚያነሣዎ ልጅ ያ ጦርነት ሲያልቅ አልተወለደም፤ የት ግንባር ነበሩ ብሎ አይጠይቅዎትም።

ይህን ከጀመርሁ ላይቀር የሳጥኑንም ልናገር። ናሆም አያቶቻችሁ በወጣትነታቸው ምን ነበሩ የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶት ነበር። «አያቴ ሾፌር ነበር» ብሎ ጀመረና ሌላ የሚጽፈው አጣ። እኔም የምጨምርለት አጣሁ። ፎቶ የሚለጠፍበት ቦታ ላይ ኤንትሬ ሣለበት። መምህሩ ወደደለት። እኔ ግን በእርስዎ ተናደድሁ፣ እንግዳ ሆኖብዎ እንደሆነ ይወቁት።

በግንቦት 1983 ሳጥኑን ለምን እንዳቃጠሉት ዛሬ አልጠፋኝም። ቤት ለቤት ይፈተሽ ነበር። የደንብ ልብሱ፣ መታወቂያው፣ ከእነ ሻምበል ጋር የተነሡት ሁሉ፣ ይሁን። የታዴዎስ ፎቶ ግን ምን አደረገ? ታዴዎስ ወታደር አልነበረም። ሦስት ዓመቱ ነበር። ሌላ ፎቶ እንደሌለው ያውቁ ነበር። እማዬ በማግስቱ አመዱን በእንጨት ስትገላልጥ አይቻታለሁ፤ እርስዎም አይተዋታል፣ ከዚያ ተነሥተው ወጡ። እሷ አንድም ቀን አልጠየቀችዎትም። እኔ ነኝ የምጠይቅዎ። ተሳስቶብኝ ነው ቢሉኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር፤ ዝምታው ነው ያልቻልሁት። ዛሬም ያው ዝምታ ተነሥቶ ማሽን ውስጥ ሊያስገባዎ ነው።

ከፍ ዝቅ አድርጌ ተናግሬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። መኪናዋን የሸጧት ለእኔ የአውሮፕላን ትኬት እንደሆነ አልረሳሁም። እሱንም የነገረችኝ ሰናይት ናት፤ እርስዎ «አርጅታ ነበር» ነው ያሉት።

እንግዲህ ለዕለቱ። ከዘራውን ውጪ ይተዉት፤ ጫፉ ብረት ነው። ሰዓትዎን፣ ቀበቶዎን፣ ስልክዎንና ሳንቲም ያለበትን ቦርሳ ለሰናይት ያስረክቡ። የማተቡ ክር ምንም አይደለም፤ መስቀሉን ግን አውልቀው ይስጧት፣ ሲወጡ ወዲያው ታስርልዎታለች። የተተከለልዎንም ጥርስ ይንገሯቸው። ጋቢዎን ይያዙ፣ ክፍሉ ይበርዳል። ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ይንኳኳል፣ ይንጣጣል፤ እንደ ተኩስ ነው የሚሉ አሉ። ምን እንደሚያስታውስዎ አላውቅም፤ ግን ሽቦ ሲርገበገብ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። የጆሮ መከለያ ይሰጡዎታል፤ ከረሱ ይጠይቁ። በእጅ የምትጨበጥ መጥሪያም አለች። ከጨነቀዎ ይጫኗት፣ ያወጡዎታል። ማንም አይታዘብዎትም።

ለሰናይት ስለ ፍንጣሪው እስካሁን ምንም አልነገርኋትም። መንገሩ የእርስዎ ነው። እስከ ኅዳር 28 እጠብቃለሁ፤ እስከዚያ ካልነገሯት ደውዬ እነግራታለሁ፣ ማሐላዬንም አፈርሳለሁ። እማዬም ብትሆን ይህን ታደርግ ነበር።

የወንዝ ልጅ የሆነችው መልእክተኛዬ ሁለት ቀን ደብረ ብርሃን ትቆያለች። መልስ ከጻፉ በእሷ እጅ ይድረሰኝ፤ ለናሆምም ቢሆን አንድ ገጽ ይጻፉለት፣ ከየት እስከ የት እንደነዱ ብቻ እንኳ።

ልጅዎ
ብርሃኔ